በልቦለዴ ኅዳግ ላይ የተደበቀው

ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ናይሮቢ ከገባሁ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከባለቤቴ ከዮናስና ከልጃችን ጋር በሁለት ክፍል ቤት እንኖራለን። ዮናስ ፍሪጅ ይጠግናል። እኔ ደግሞ ስደተኞች ወረቀታቸውን ለማስጨረስ በሚመላለሱበት አንድ ቢሮ አስተርጓሚ ነበርኩ። በአማርኛ የተለቀሰውን በእንግሊዝኛ አድርቄ መናገር ነበር ሥራዬ። በቀን የስድስት የሰባት ሰው ኑሮ በአፌ ያልፋል፤ አንዱም የእኔ አይደለም። ልቦለድ መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ይመስለኛል። የራሴ የሆነ አንድ ነገር መናገር አማረኝ።

ልቦለዱ ከሞያሌ ተነስተው በጭነት መኪና ናይሮቢ ስለሚገቡ እናትና ልጅ ነው። ስምንት ዓመት ጽፌዋለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ያነበበልኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ሀብቶም።

ጋሽ ሀብቶም ኤርትራዊ ናቸው፤ ያኔ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ሠርተዋል። አማርኛን እንደ እሳቸው የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በ«ሐ» ቦታ አንዲት «ሀ» ገብታ ካዩ ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ለቅመው ያወጧታል። ናይሮቢ የመጡት ፓርክላንድስ ከምትኖረው ከልጃቸው ከሊያ ጋር ለመሆን ነው። ሊያ ፋርማሲ ስለምትሠራ ቀኑን የሚውሉት ብቻቸውን ነው። የተዋወቅነው ለቅሶ ቤት ነው፤ እንደምጽፍ ሲሰሙ «እስቲ አምጪው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማታቱ የሚባለውን ሚኒባስ ታክሲ ሁለት ቀይረው ሳውዝ ሲ ይመጣሉ። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ጠረጴዛው ይጠረግና ምዕራፍ ይነበባል። ፊደሉን፣ ነጥቡን፣ ሰረዙን ያርማሉ። ስለ ታሪኩ ስጠይቃቸው «ጎሽ፣ ቀጥይ» ይሉኛል። ከእሳቸው አፍ የሚወጣ «ጎሽ» ለእኔ ሳምንት ሙሉ ስንቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ክፍል፣ ዘጠኙን ምዕራፍ ስጨርስ፣ ወደ አሳታሚ የላኩትም እሳቸው ናቸው። የድሮ ባልደረባቸው አቶ ፍሬው አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ አሳታሚ ቤት አርታኢ ነበሩ። «ለእኔ ሲል ያነበዋል» አሉኝ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በየወሩ እጠይቃለሁ። «አሳታሚ ቸኩሎ አያውቅም፤ አንቺ ሁለተኛውን ክፍል ጻፊ» ይሉኛል። ሁለት ዓመት አለፈ።

በዚህ መሃል ቢሮዬ የአስተርጓሚዎች አስተባባሪ እንድሆን ጠየቀኝ። ቋሚ ሥራ ነው፤ ግን ቅዳሜዬን ይወስዳል። ዮናስ «ያዥው» አለኝ። ጋሽ ሀብቶምን አማከርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ወንበር ይጠብቃል፤ መጽሐፍ ግን አይጠብቅም» አሉኝ። ተውኩት። በሳምንቱ ሌላ ሰው ተቀመጠበት። በዓመቱ ደግሞ የእኔ ውል ወደ ግማሽ ቀን ወረደ። ዮናስ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እሑድንም መሥራት ጀመረ፤ በቃ።

ሁለተኛው ክፍል እየወፈረ ሲሄድ የምጽፍበት ፕሮግራም አልቻለውም። ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍበት ዓይነት ነው። ስድስት መቶ ገጽ በአንድ ፋይል ስከፍት ላፕቶፔ ያቃስታል፤ አንዱን ትዕይንት ከምዕራፍ ሦስት ወደ አምስት ላዛውር ስል የቱን ቆርጬ የቱን እንደለጠፍኩ ይጠፋኛል። ቢሮ ውስጥ ዋንጂሩ የምትባል የስዋሂሊ አስተርጓሚ ጓደኛ አለችኝ፤ እሷም የልጆች መጻሕፍት ትጽፋለች። አማረርኩላት።

«ልቦለድ በአንድ ፋይል?» አለችኝ። «ፖሌ ሳና፣ እኅቴ። ለልቦለድ ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር እያለ?» በስዋሂሊ «በጣም አዝናለሁ» ማለቷ ነው። የሦስት ፕሮግራሞች ስም በወረቀት ጻፈችልኝና መከረችኝ፦ «በባዶ ገጽ እንዳትሞክሪው። የራስሽን ጽሑፍ አስገቢና እይው። ባዶ ገጽ ላይ ሁሉም ያምራል።»

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ጋሽ ሀብቶም ጉንፋን ይዟቸው እንደማይመጡ ደወሉ። ዮናስ ሥራ ነው፣ ልጃችን የኳየር ልምምድ ሄዳለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ከፈትኩ። እንደ አዲስ ልብስ ገዢ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ለሙከራ ያስገባሁት ጽሑፍ ጋሽ ሀብቶም ከሦስት ሳምንት በፊት በፍላሽ የሰጡኝን ነው። «ወደ አዲስ አበባ የሄደውን ክፍል ፊደሉን እንደገና አርሜዋለሁ፤ ከእንግዲህ በዚህ ሥሪ» ብለውኝ ነበር። በድሮው ፕሮግራም ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው።

የመጀመሪያው ሶፍትዌር መልኩ ያማረ ነበር። ጽሑፌን ሳስገባው ግን ግማሹ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆነ፤ «እናቷ» የሚለው ቃል መሃሉ ላይ ተቆርጦ «ቷ» ለብቻዋ ወደ ታችኛው መስመር ወረደች። ዘጋሁት። ሁለተኛው ያለ ኢንተርኔት አይንቀሳቀስም፤ ደግሞ አማርኛውን ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ ከላይ እስከ ታች በቀይ አሰመረበት። እሱንም ዘጋሁት።

ሦስተኛው በነፃ የሚገኝ፣ መልኩ የማያምር ነበር። ግን ፊደሉን አወቀው። ምዕራፎቹን በግራ በኩል ደረደረልኝ፤ እያንዳንዱን ትዕይንት እንደ ካርድ እያነሳሁ ማስቀመጥ ቻልኩ። ስንት ዓመት የታገልኩትን ነገር በደቂቃ ሠራሁት። ይኼው ነው፣ መረጥኩ አልኩ ለራሴ።

በቀኝ በኩል ግን ያልጠበቅኩት ነገር ነበር። ትንንሽ ቢጫ ማስታወሻዎች፣ ከላይ እስከ ታች። መጀመሪያ የፕሮግራሙ መመሪያ መሰለኝ። የመጀመሪያውን ተጫንኩት፤ አማርኛ ነው።

«እናትየዋ እዚህ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አለቀሰች። ልቅሶ ጠባይ አይደለም።»

ከሥሩ የጸሐፊው ስም አለ፤ ፍሬው። ቀኑም አለ። ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር በፊት።

ነገሩ ቶሎ አልገባኝም። እኚህ ሰው መጽሐፌን ገና አላነበቡም። ሁለተኛውን ተጫንኩ። «ይህን ገለጻ ከገጽ 12 ላይ ደግማዋለች።» ሦስተኛውን። «ልጅቱ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ አትናገርም፤ እንደ ሰባኪ ነው የምትናገረው።» ቀጠልኩ። «ከዚህ ጀምሮ እስከ ገጽ 190 ቢወጣ ማንም አይናፍቀውም።» «ጸሐፊዋ ታዝናለች፤ ሰዎቿ ግን አያዝኑም።»

አንዳንዱ ሥር ደግሞ ሌላ ሰው መልስ ሰጥቷል። የመልሱን ባለቤት ስሙን ሳላይ በአጻጻፉ አወቅኩት። «ልክ ነህ» ይላሉ ጋሽ ሀብቶም። «እኔም አይቼዋለሁ።» «እዚህ ላይ እኔም ተሰላችቻለሁ።»

ሰባኪ ትመስላለች የተባለችውን ልጅ ያነበብኩላቸውን ቅዳሜ አስታወስኩ። «ጎሽ» ነበር ያሉኝ።

ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ አነበብኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በልቤ ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ጋር ተከራከርኩ። ምዕራፍ አራት ላይ ስደርስ መከራከሬን አቆምኩ። ሰውዬው ትክክል ነበሩ። ሲነግሩህ ቀድሞም ታውቀው እንደነበር የሚሰማህ ዓይነት ትክክል። ከዚያ በኋላ ያሳመመኝ ማስታወሻው አይደለም፤ ቀኑ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት መቶ ገጽ ጽፌያለሁ፤ ያችው እናት ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ታለቅሳለች።

ምዕራፍ ሰባት ላይ ዘጋሁት። ላፕቶፑን በቦርሳ ከትቼ ወጣሁ። እስከ ከተማ በአንድ ማታቱ፣ ከዚያ ወደ ፓርክላንድስ በሌላ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት በስዋሂሊ «ታመሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ አልኳት።

ጋሽ ሀብቶም ሹራብ ደርበው፣ አንገታቸውን ጠቅልለው በሩን ከፈቱልኝ። ፊታቸው በራ።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ጉንፋን ልትጠይቂኝ መጣሽ? ግቢ፣ ግቢ። ሊያ ሥራ ናት። ሻይ ላፍላ?»

«አይሆንም፣ ጋሼ። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ላፕቶፑን ጠረጴዛቸው ላይ አድርጌ ከፈትኩና ወደ እሳቸው አዞርኩት። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ቢጫዎቹን ማስታወሻዎች ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ይሄን አጥፍቼው ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ በዝግታ።

«ደብቀውት ነው እንጂ አላጠፉትም። የድሮው ፕሮግራም ደበቀልዎ። አዲሱ አወጣው።»

አንዱን ማስታወሻ በጣታቸው ነኩት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ገና አላነበቡትም ሲሉኝ ነበር» አልኳቸው።

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ስምንት ዓመት የደከመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ እጁን ይሰበስባል። ብዙ አይቻለሁ፤ ማተሚያ ቤት ስሠራ ብዙ አይቻለሁ።»

«እጄን ብሰበስብ የእኔ ጉዳይ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«የቢሮውን ሥራ ላማክርዎ ስመጣ ይሄ በእጅዎ ነበር?»

«ነበረ» አሉ።

ያን ቃል ሲሉ ዮናስን አየሁት፤ እሑድ ጠዋት የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ከቤት ሲወጣ። በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል እንኳ አንቱታውን ማውረድ አልቻልኩም፤ ይሄ ዛሬም ይገርመኛል።

«ወንበር ይጠብቃል አሉኝ፣ ጋሼ።»

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና ብለው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «እስከ መጨረሻው አነበብሽው?»

«ሰባት ላይ ተውኩት። ምን ቀረው?»

ዓይናቸውን ከላፕቶፑ ላይ አነሱ። ላፕቶፑን ወደ ራሴ መልሼ ወደ ምዕራፍ ዘጠኝ መጨረሻ ወረድኩ። የመጨረሻው ማስታወሻ ከሁሉም ይረዝማል። ቃል በቃል በልቤ አለ።

«ሀብቶም ወንድሜ፣ ይሄ እንዳለ አይታተምም። ግን ምዕራፍ ስድስት ላይ ያለችውን የግቢ ዘበኛ ሴት ልብ ብለሃታል? ስንዱን። በአሥራ አንድ ገጽ ውስጥ ሌላው ሁሉ በሦስት መቶ ገጽ ያልኖረውን ኖራለች። እሷን ዋና አድርጋ ከአዲስ ትጻፈው፤ አጭር ይሁን። በስድስት ወር ውስጥ ከላከችልኝ እኔው ራሴ አብሬያት እሠራለሁ፤ እናሳትመዋለን። ከዚህ በታች ያለውን ስልኬን ስጣት፣ በቀጥታ ትደውልልኝ።»

ከሥሩ የጋሽ ሀብቶም መልስ፦ «እነግራታለሁ። አንተ ግን ራስህ አትጻፍላት፤ በእኔ በኩል ይሁን።»

ስንዱን የጻፍኳት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ ስጠብቅ፣ በወረቀት ጀርባ ላይ። እናትና ልጅ የሚያድሩበትን ግቢ የምትጠብቅ፣ ከአፏ ቀልድ የማይጠፋ ሴት። ላወጣት አስቤ ነበር፤ ታሪኩን ታስረዝማለች ብዬ።

«ይሄስ እንዳይከፋኝ ነው?» አልኳቸው።

ጋሽ ሀብቶም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ያለ መነጽር ፊታቸው ሌላ ሰው ይመስላል።

«ፍሬው ጥሩ አርታኢ ነው» አሉ። «ከእኔ ይበልጣል። እኔ ፊደል ነው የማውቀው። እሱ አንዴ ከያዘሽ እኔ ምን አደርግልሻለሁ? ከልጄ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የምንነጋገረው። ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም። ከእሑድ እስከ ዓርብ ምን እንደምውል ታውቂያለሽ? ቅዳሜን እቆጥራለሁ። ቅዳሜ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ። ዛሬ ነገ እነግራታለሁ ስል ስድስት ወሩ አለፈ። ካለፈ በኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

እውነቱን መናገራቸው ገባኝ። ማዘን ነበረብኝ፤ ሽማግሌ ሰው፣ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ ብቻውን። አላዘንኩም። ላፕቶፑን ዘግቼ ተነሳሁ።

«ቅዳሜ እንዳይመጡ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ከወንበራቸው ሊነሱ ሞከሩ፣ እንግዳ ሳይሸኙ ቀርተው አያውቁም። በሩን እኔው ዘጋሁት።

ቤት ስደርስ ዮናስ ገብቶ እጁን ይታጠብ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ፎጣውን ይዞ ቆሞ ሰማኝ። ስለተውኩት የአስተባባሪነት ሥራ የነገርኩት ቦታ ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ «ምሳ በልተሻል?» ብቻ አለኝ። ከስድብ የከፋ ነበር።

ሰኞ ዕለት ማስታወሻው ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። አይሠራም። በአሳታሚው ቤት በኩል ኢሜይላቸውን አፈላልጌ ጻፍኩላቸው። በሳምንቱ መለሱልኝ። ጡረታ ወጥተዋል። አሳታሚው ቤት ልቦለድ ማሳተም አቁሞ የትምህርት ቤት መርጃ መጻሕፍት ብቻ ያወጣል። «መልስ ሳጣ ምክሬ ያስቀየመሽ መስሎኝ ነበር» ይላል ደብዳቤው። «ስንዱን አልረሳኋትም። ያኔ ብትጽፊልኝ ኖሮ።» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

ስንዱን ዋና አድርጌ ልጽፋት ሞከርኩ። በመረጥኩት ሶፍትዌር፣ በካርድ እየከፈልኩ፣ ሁሉን አስተካክዬ። አርባ ገጽ ላይ ቆመች። ያኔ የመጣችው ሳልጠራት ነበር፤ አሁን ስጠራት አትመጣም። ምናልባት ያን ጊዜም አልችል ነበር ይሆናል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እችል እንደነበር ማወቂያ የለኝም። አሁን ላቪንግተን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ፤ ሙሉ ቀን። ዮናስ እሑድ ያርፋል።

ጋሽ ሀብቶምን ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው አንድ ጊዜ፣ ሠርግ ላይ ነው። ሲያዩኝ ተነስተው ቆሙ። «ደህና ነዎት?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አለፍኩ። ይቅር አላልኳቸውም፤ ይቅር ብያለሁ ብዬም አልዋሻችሁም።

ልቦለድ የምትጽፉ ሰዎች አንዳንዴ የትኛው ሶፍትዌር እንደሚሻል ትጠይቁኛላችሁ። ፊደላችሁን የማይቆርጥ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ጽሑፋችሁን መልሳችሁ ልታወጡት የምትችሉት ይሁን እላችኋለሁ። የዋንጂሩን ምክርም እጨምራለሁ፤ በራሳችሁ ጽሑፍ ሞክሩት። ይሄ ቀላሉ ነው፤ በአንድ ጠዋት ይጠናቀቃል። እኔ ካደረግኩት በላይ ጠንቅቃችሁ ልትመርጡ የሚገባችሁ የሚያነብላችሁን ሰው ነው። ሁልጊዜ የሚያመሰግናችሁን ሰው አንድ ቀን ቁጭ አድርጋችሁ «የቱ ጋ ሰለቸህ?» በሉት። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህችን ጥያቄ አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ ደግሞ አውቃለሁ፤ እሳቸው ቅዳሜን እንደሚፈልጉ ሁሉ እኔም «ጎሽ»ን እፈልጋት ነበር። ግማሹ ጥፋት የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ንዴቴ ከበረደ በኋላ ነው፤ ማወቄ ግን ንዴቱን አላጠፋውም።

ባለፈው ወር በቤተ ክርስቲያናችን ያለች ሰላም የምትባል ሴት የጻፈችውን ልቦለድ እንዳነብላት ሰጠችኝ። አምስት ዓመት ደክማበታለች። አነበብኩት፤ ደካማ ነው። ከጉባኤው በኋላ ግቢው ውስጥ አገኘችኝና «እንዴት ነው?» አለችኝ፣ ሁለት እጇን አጣምራ። «ጎሽ፣ ቀጥይ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት ቀላል እንደሆነ፣ እንዴትስ ደግነት እንደሚመስል ያኔ ገባኝ። ዋጥኩት። ወንበር ስበን ተቀመጥን፤ የሞተውንና የሚተነፍሰውን ገጽ በገጽ ነገርኳት። ወረቀቶቿን ሰብስባ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አትሰጠኝም። እኔ እሑድ እሑድ እሰጣታለሁ፤ አንገቷን ታዞራለች።